ስለ ዜማ ቴአትር መታደስና ስለ ዋና ተዋንያን አመራረጥ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በብዙ ነገር ላይ ሲፈጸም እናያለን፤ ይልቁንም በኪነ ጥበብ ሥራ ላይ ጐልቶ ይታያል። ንግግርና ግጥም፥ ዜማና እንቅስቃሴ ተባብረው አንድ ታሪክ የሚያስረዱበት የዜማ ቴአትር ከውጭ አገር ብቻ የመጣ ጥበብ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ግጥምና መዝሙር የተዋሐዱበት ቴአትር በአገራችን ከጠላት ወረራ በፊት ተጀምሮ የነበረ፥ አጀማመሩም ከቅኔ ቤት በወጡ ሊቃውንት እጅ የነበረ ነው። ዛሬ ልንናገር የፈለግነው ይህ ጥበብ እንደ ገና የሚነሣበትን መንገድ፥ ከሁሉም ይልቅ ዋናውን ቦታ ይዘው የሚጫወቱት ሰዎች በምን ሚዛን ሊመዘኑ እንደሚገባ ነው።

የዚህ ነገር ምስክር ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። በጎጃም በደብረ ኤልያስ ተወልደው፥ ቅኔን ከምንጩ ጠጥተው ወደ አዲስ አበባ የመጡት እኚህ ሊቅ፥ የቅኔ ቤቱን ትምህርት ለአዲሱ ትምህርት ቤት አገልግሎት አዋሉት። ተማሪዎችን እያስተማሩ «ምስክር»ን፥ «አፋጀሽኝ»ንና ሌሎችንም ቴአትሮች ደረሱ፤ በድርሰታቸውም ውስጥ ግጥሙና መዝሙሩ በኋላ የተለጠፈ ጌጥ ሳይሆን የነገሩ ደም ሥር ነበር። ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር የነበረው ድርሰት ግጥሙ የእርሳቸው፥ ዜማው የአርመናዊው የሙዚቃ መምህር የኬቮርክ ናልባንዲያን መሆኑ ይታወቃል። ከደብረ ኤልያስ የመጣ ባለ ቅኔና ከባዕድ አገር የመጣ የሙዚቃ አዋቂ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንድ ሥራ መሥራታቸው፥ የዜማ ቴአትር ምን ዓይነት መተባበር እንደሚፈልግ ያስረዳል። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ከነፃነት ጋር ተመልሰው ጥቂት ዓመት ከሠሩ በኋላ በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ።

እንግዲህ የእርሳቸውን ቴአትር ዛሬ እናንሣ የሚል ሰው ቢነሣ መጀመሪያ የሚያጋጥመው ችግር ይህ ነው፤ ቃሉ በወረቀት ላይ ቢገኝ፥ ዜማው የት አለ? የዜማ ቴአትር ቃሉ ብቻ ሲቀር ግማሹ ሥራ የለም ማለት ነውና። ይህ ዓይነቱ ጭንቀት ለሊቃውንቶቻችን አዲስ አይደለም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከስድስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከመምህር ወደ ተማሪ በቃል ሲወርድ ኖረ። በ16ኛው መቶ ዓመት በደረሰው ጦርነት መጻሕፍቱ በተቃጠሉ፥ መምህራኑም ባለቁ ጊዜ፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ነገሩ ፈጽሞ እንዳይጠፋ አስበው የዜማውን ምልክት ሠሩ። ይዘትና ደረት፥ ሂደትና ርክርክ፥ ድፋትና ጭረት፥ ቅናትና ቁርጥ እያልን ዛሬም በመጽሐፉ መስመር ላይ የምናያቸው ጥቃቅን ምልክቶች የዚያ አሳብ ፍሬ ናቸው። ካህናቱ ከጦርነት በኋላ የሠሩትን ሥራ የቴአትር ቤት ሰዎች በሰላም ጊዜ ለመሥራት ቢሰንፉ የሚያሳፍር ይሆናል።

ደብረ ኤልያስ የዜማ ቴአትርን አባት ከሰጠችን፥ ለዚህ ጥበብ የሚሆን ታሪክ የምትሰጠን ደግሞ ማንኩሳ ናት። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ይህችን ከተማ መንገደኛ ሳያስተውላት ያልፍ ይሆናል፤ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ግን ስሟን ሲሰማ ልቡ ይነቃል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው ከዚህ አገር ነውና። ደራሲው ራሳቸው የጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ልጅ ናቸው፤ በወጣትነታቸውም «የሐበሻና የወደ ኋላ ጋብቻ» የሚባል ቴአትር ጽፈዋል። ስለዚህ የእርሳቸውን ታሪክ ወደ መድረክ ማምጣት ከደራሲው መንፈስ መራቅ አይደለም።

ደግሞም ይህ መጽሐፍ ወደ ሕዝቡ የገባው በዓይን ብቻ ሳይሆን በጆሮ ነው። ዝነኛው ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው ጊዜ፥ ፊደል ያልቈጠረው ገበሬና የቤት እመቤት ሁሉ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤት አወቃቸው። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ድምፃዊው ቴዎድሮስ ካሣሁን «ማር እስከ ጧፍ» በሚለው ዘፈኑ ይህንኑ ፍቅር ለአዲሱ ትውልድ አስታወሰው። በአንድ ሰው ድምፅና በአንድ ዘፈን ይህን ያህል የሠራ ታሪክ፥ ሙሉ የዜማ ቴአትር ሆኖ ቢቀርብ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ነገር ግን እዚህ ላይ የሕጉን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የደራሲውን የጥቅም መብት በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ክቡር ሐዲስ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ የእርሳቸውን መጽሐፍ ወደ ቴአትር ለመለወጥ የሚያስብ ሁሉ የወራሾቻቸውን ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ ግዴታው ነው። በቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ሥራ ላይ ግን በዚሁ ስሌት ዘመኑ አልፏል። ስለዚህ ቢቻል በ«አፋጀሽኝ» ጀምሮ ልምድ ካገኙ በኋላ ወደ ማንኩሳው ታሪክ መሻገር መልካም ቅደም ተከተል ይመስለናል።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳይ እንመለስ። ቴአትር ይታደስ ሲባል ብዙ ጊዜ ስለ አዳራሹ፥ ስለ ልብሱ፥ ስለ ገንዘቡ ብዙ ይመከራል፤ ሰው የሚመረጠው በመጨረሻ፥ ያውም በትውውቅና በመልክ ይሆናል። በንግግር ቴአትር ይህ ስሕተት በመጠኑ ሊሸፈን ይችላል። በዜማ ቴአትር ግን አይሸፈንም፤ ድምፁ ራሱ ድርሰቱ ነውና።

የማንኩሳውን ታሪክ እያንዳንዱን ሰው ብናስብ ይህ ይገለጥልናል። በዛብህ በወላጆቹ ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ፥ በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ያወቀ ወጣት ነው። ይህን ሰው ሆኖ የሚጫወተው ግዕዝን ከዕዝል፥ ዕዝልን ከአራራይ የማይለይ ሰው ከሆነ፥ ጥምጣሙ የቱን ያህል ቢያምር አፉን በከፈተ ጊዜ ካህኑ ሁሉ ያውቅበታል። ከትከሻው አያያዝና ከመቋሚያው አጨባበጥ ጀምሮ እስከ ትንፋሹ አወሳሰድ ድረስ የብዙ ዓመት ትምህርት የሚያሳይ ነገር ነው፤ ይህም በሦስት ወር ልምምድ የሚገኝ አይደለም።

ሰብለ ወንጌል ከሁሉ የከበደ ቦታ ናት። በባላባት አባቷ ግቢ ተጠብቃ ያደገች፥ መምህሯን የወደደች፥ በመጨረሻም መነኵሴ መስላ ፍቅረኛዋን ፍለጋ የወጣች ሴት ናት። በመጀመሪያው ክፍል ድምፅዋ የታፈነ መሆን አለበት፤ በበገና ዝቅ ብሎ የሚሰማ እንጂ አዳራሹን የሚያናውጥ አይደለም። በመጨረሻው ክፍል ግን ያ የታፈነው ሁሉ መውጣት አለበት። ስለዚህ ለዚህች ቦታ ከፍ አድርጋ የምትዘፍን ሴት ማግኘት አይበቃም፤ ድምፅዋን ለሁለት ሰዓት ያህል ይዛ ማቈየት የምትችል፥ ትዕግሥት ያላት መሆን አለባት።

ፊታውራሪ መሸሻ የፉከራና የሽለላ ሰው ናቸው። ሕዝብ እንዲስቅባቸው ብቻ ተብሎ ለቀልደኛ የተሰጡ እንደ ሆነ ታሪኩ ይበላሻል፤ በክብራቸው ከልብ የሚያምኑ ሰው ስለ ሆኑ ነው የሚያስፈሩትም የሚያሳዝኑትም። ጉዱ ካሣን በተመለከተ ያለን አሳብ ለየት ያለ ነው። ሌላው ሁሉ ሲያዜም እርሱ ብቻ ቢናገር መልካም ነው እንላለን። ከዘመኑ ልማድ ጋር የማይስማማ ሰው ከዘመኑ ዜማም ጋር መስማማት የለበትምና። ስለዚህ ለእርሱ ከድምፁ ይልቅ አንደበቱ የተመረጠ፥ ዝም ማለትንም የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። የበዛብህ እናት ውድነሽ እሹሩሩንና ሙሾን ታውቅ ዘንድ ይገባል፤ አበጀ በለውና ገበሬዎቹ ደግሞ በአዝመራና በደቦ ያደገውን የአገሩን ሆታ የሚያሰሙ መሆን አለባቸው። ይህ ሁሉ በአዲስ አበባ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስቦ የሚገኝ ድምፅ አይደለም።

መልክና ዝና ያላቸውን አስቀድሞ ድምፅን በኋላ መፈለግ ምን እንደሚያመጣ ሌላው ዓለም አይቶታል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1956 በኒው ዮርክ «ማይ ፌር ሌዲ» የሚባለው የዜማ ቴአትር ሲታይ፥ ዋናዋን ሴት ሆና የተጫወተችው ጁሊ አንድሩስ የምትባል ወጣት በድምፅዋ ተደነቀች። በ1964 ታሪኩ ፊልም ሲሠራ ግን ባለ ገንዘቦቹ ስሟ ይበልጥ የታወቀውን ኦድሪ ሄፕበርንን መረጡ፤ የአብዛኛውን ዘፈን ድምፅ ደግሞ ማርኒ ኒክሰን ከምትባል ሌላ ሴት ተበደሩ። ለዚያው ዓመት ሥራ ሽልማት በተሰጠ ጊዜ በዋና ተዋናይነት የአሜሪካንን ትልቁን የፊልም ሽልማት የወሰደችው፥ በሌላ ፊልም የተጫወተችው ያቺው የተገፋችው ጁሊ አንድሩስ ሆነች። በፊልም ድምፅን መበደር ይቻላል፤ በመድረክ ላይ ግን ሕዝብ እያየ ከማን ይበደሩታል?

ሩቅ ሳንሄድ መጽሐፉም ያስተምረናል። ነቢዩ ሳሙኤል ወደ እሴይ ቤት በገባ ጊዜ የታላቁን ልጅ ቁመትና መልክ አይቶ የተመረጠው እርሱ መስሎት ነበር፤ የተመረጠው ግን በግብዣው ላይ እንኳ ያልተጠራው፥ በጎቹን የሚጠብቀው ታናሹ ነበር። ያም ልጅ በገና ደርዳሪ ነበር። ዳዊትም በነገሠ ጊዜ ታቦቱን ሲያመጣ በዜማው ላይ የሾመው ክናንያን ነው፤ የተሾመበትም ምክንያት ተጽፏል፤ ዐዋቂ ስለ ነበረ ነው። ዘመድ ስለ ነበረ ወይም ሀብታም ስለ ነበረ አልተባለም።

በራሳችን ቴአትር ታሪክም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ዘመን ሴት ወደ መድረክ መውጣቷ እንደ ነውር ስለ ተቈጠረ፥ የሴትን ቦታ ወንዶች ይጫወቱት ነበር። ይህን ልማድ ካፈረሱት አንዷ አስናቀች ወርቁ ናት፤ ክራር እየመታች፥ እያዜመች፥ ቴአትርም እየተጫወተች አንድ ሰው ሁለቱን ጥበብ አስተባብሮ መያዝ እንደሚችል አሳየች። ለሰብለ ወንጌል የምትሆነውን ለማግኘት የሚሻ መራጭ ይህን ምሳሌ አይርሳ።

እዚህ ላይ ካህናት አንባቢዎቻችን የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ለእግዚአብሔር ምስጋና የተሰጠ ሲሆን እንዴት ወደ ቴአትር ቤት ይወርዳል? ይላሉ። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ መልሳችንም ግልጽ ነው። የቅዳሴውና የማኅሌቱ ዜማ ከቦታው አይነቃነቅ። የቴአትሩ ዜማ በትዝታና በአንቺሆዬ፥ በባቲና በአምባሰል፥ በአገሬው እንጉርጉሮና ሽለላ አዲስ ይደረስ። ከቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት የምንፈልገው ዜማውን ሳይሆን ዜማው ያሠለጠነውን ጆሮና ጕሮሮ፥ ቅኔውም ያሠለጠነውን አእምሮ ነው። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔም የቅኔ ዕውቀታቸውን ለአማርኛው ግጥምና ለቴአትሩ አዋሉት እንጂ ቅኔን ከክብሩ አላወረዱትም።

ከዚህም የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። ለበዛብህ ቦታ ከቅኔ ቤት አንድ ወጣት ሲመረጥ፥ ያ ወጣት በእውነተኛው ሕይወቱ በዛብህ የቆመበት መንታ መንገድ ላይ ይቆማል፤ በአንድ በኩል ወላጆቹና መምህሩ ያሰቡለት ሕይወት፥ በሌላ በኩል ዓለም የሚያሳየው ሌላ ሕይወት። መድረኩ ያመሰግነዋል፤ ከተማው ይጠራዋል፤ ቴአትሩ ባለቀ ጊዜ ግን ማንም ሳያስታውሰው ሊቀር ይችላል። ዳዊቱን ደግሞ፥ ጾመ ድጓውን ጀምሮ፥ ቅኔውን ሳይፈጽም ከመምህሩ ጉባኤ ተነቅሎ የቀረ ተማሪ ለቤተ ክርስቲያንም ለቴአትርም ሳይሆን ይቀራል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ወጣት የሚመርጥ መሥሪያ ቤት፥ አንድ ድምፅ ብቻ ሳይሆን የአንድ ሰው ዕድሜ በእጁ እንደ ተሰጠው ይወቅ።

ባለሥልጣኖችና የቴአትር ቤት አስተዳዳሪዎች ደግሞ፥ ያልታወቀ ሰው ዋና አድርገን ብናቀርብ ማን ገንዘቡን ከፍሎ ይገባል? ይሉ ይሆናል። በርግጥ ዝና የመጀመሪያውን ምሽት አዳራሽ ይሞላል። የሁለተኛውን ወር አዳራሽ የሚሞላው ግን አይቶ የወጣው ሰው ለጎረቤቱ የሚነግረው ወሬ ነው። ደግሞም የታወቁት ተዋንያን ይገለሉ አላልንም፤ የፊታውራሪ መሸሻና የጉዱ ካሣ ቦታ ልምድ ያላቸውን ታላላቅ ሰዎች የሚጠራ ነው። ወጣቶቹን ሁለት ሰዎች አዲስ አድርጎ፥ በዙሪያቸው የበሰሉትን ማቆም ለሁሉም ይበጃል።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፥ ምርጫው በአዲስ አበባ ብቻ አይፈጸም። መራጮቹ ወደ አገሩ ይውረዱ፤ ቡሬን፥ ማንኩሳን፥ ፍኖተ ሰላምን፥ ደብረ ኤልያስንና ዲማን ይርገጡ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በደረሰው ግጭት ሕዝቡ ብዙ መከራ ማየቱን አንዘነጋም፤ ሰላም የሌለበት መንገድ ለመራጭም ለተመራጭም አይመችም። ነገር ግን ስሟ የሰላም መንገድ ማለት የሆነው ከተማ ስሟን በእውነት የምትኖርበት ቀን ሲደርስ፥ ይህ ሥራ ተዘጋጅቶ ሊጠብቃት ይገባል እንጂ ገና መታሰብ ሊጀምር አይገባም።

ሁለተኛ፥ የመጀመሪያው ፈተና በመጋረጃ ውስጥ ይሁን። መራጮቹ የተፈታኙን ፊት ሳያዩ፥ ስሙንም አባቱንም ሳይጠይቁ፥ ድምፁን ብቻ ሰምተው ነጥብ ይስጡ። በአሜሪካ ያሉ ታላላቅ የሙዚቃ ጓዶች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህን መንገድ ይዘው አድልዎን ለመቀነስ ጥረዋል። መልኩና አካሄዱ በሁለተኛው ፈተና ይታያል።

ሦስተኛ፥ መራጮቹ ከአንድ ወገን አይሁኑ። አንድ የቴአትር አዘጋጅ፥ አንድ የሙዚቃ መምህር፥ አንድ የዜማ መሪጌታ፥ ከአዝማሪዎችም መሰንቆን ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሰው በአንድነት ይቀመጡ። አንዱ ያለፈውን ሌላው ይሰማዋል።

አራተኛ፥ ተማሪ የሆነ ሰው ሲመረጥ መምህሩ ይጠየቅ፥ ይፍቀድም። ለልምምዱ ጊዜ በቂ ቀለብና ማደሪያ ይሰጠው፤ ሥራው ሲፈጸም ወደ ጉባኤው ለመመለስ ቢወድ መመለሻው፥ በቴአትር ሙያ ለመቅረት ቢወድም ትምህርቱ አስቀድሞ በውል ይጻፍለት። ለእያንዳንዱ ዋና ቦታም ሁለት ሁለት ሰው ይሠልጥን፤ የአንድ ሰው ጕንፋን የአንድ አገር ሥራ ማስተጓጐል የለበትምና።

አምስተኛ፥ የሚደረሰው ዜማ ሁሉ በሙዚቃ ምልክት ይጻፍ፥ በድምፅና በሥዕልም ይቀረጽ፤ ግልባጩም በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ይቀመጥ። ከአምሳ ዓመት በኋላ ይህን ቴአትር ለማንሣት የሚሻ ትውልድ፥ እኛ ዛሬ የዮፍታሔን ዜማ እንደምንፈልግ በጨለማ እየዳሰሰ እንዳይፈልግ።

የአገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ጦርነት በደጅ ቆሞ ነበር፤ የዛሬው የብሔራዊ ቴአትር አዳራሽ በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት ደግሞ አገሪቱ ከጦርነት ወጥታ ገና በመጠገን ላይ ነበረች። በሁለቱም ዘመን የነበሩ ሰዎች ነገሩን ለሚመች ጊዜ እንቈየው አላሉም። ዛሬ ለዚህ የተሾማችሁ ባለሥልጣኖች ገንዘቡንና ሕጉን፥ እናንተም የጉባኤ መምህራን ፈቃዳችሁንና ምክራችሁን ብትሰጡ፥ የቀረው ሥራ የመራጮቹ ቅን ጆሮ ነው። በማንኩሳ አጠገብ በአንድ የቅኔ ጎጆ ውስጥ ዛሬ ሌሊት ቀለሙን የሚያጠና ልጅ ይኖር ይሆናል፤ ድምፁን ከመምህሩና ከባልንጀሮቹ በቀር የሰማው የለም። መልኩን ሳይሆን ድምፁን የሚጠይቅ ሰው ወደ እርሱ ቢሄድ አገሩ ሁሉ ይሰማዋል፤ የሚሄድ ካልተገኘ ግን ቴአትራችን የተበደረውን ድምፅ ይዞ ይኖራል።